የውሻ ኩላሊትና የእኛ ኩላሊት፦ የእጥበቱ ታሪክ ከየት ተጀመረ?



ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ኢምፔሪያል አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት በውስጥ መስመር የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ግቢያቸውን ለአሥር ዓመት የጠበቀች ውሻ አላቸው። መጀመሪያ ውኃ ማብዛትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ጀመረች፤ ቀጥሎ ከሳች፣ ምግብ ጠላች፣ የበላችውን ማስመለስ አመጣች። የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን መርምሮ «ኩላሊቷ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል» አላቸው። እናትየዋ የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው። ለልጆቼ ይተላለፋል ወይ? ለሰው የሚደረገው እጥበት ለውሻ አይደረግም ወይ? ሦስተኛው ከትልቁ ልጇ የመጣ ነው፦ «የሰውና የውሻ ኩላሊት አንድ ነው እንዴ?»

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ የውሻዋን ሕክምና ለእንስሳት ሐኪሟ እተዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ግን በአጭሩ ልመልስ።

ሥር የሰደደ የኩላሊት ድክመት ራሱ ከውሻ ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን የውሻን ኩላሊት ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ እሱ በሽንት በኩል ወደ ሰው ይሻገራል፣ የሰውንም ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል። አይጥም ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሌፕቶ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስኪታወቅ ድረስ ልጆች ሽንቷን በባዶ እግር አይርገጡ፤ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፣ መሬቱም በበረኪና ይታጠብ።

እጥበትን በተመለከተ፣ ለውሻ የሚሠራ የእጥበት ሕክምና በዓለም ላይ አለ። በአሜሪካ ዴቪስ ከተማ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሰጠዋል። በእኛ ሀገር ግን አገልግሎቱ ለሰውም አልበቃም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ዛሬ በሰፊው የምንጨዋወተው የልጁን ጥያቄ ነው። መልሱ «አንድ ነው ለማለት ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ነው። እንዲያውም ዛሬ እጥበት ላይ ያለ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት፣ የደም ግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ሕክምናው በውሻ ላይ ከተደረጉ ሙከራዎች የተገኘ ዕውቀት አለበት። ይህን ለታካሚዎቼ ስነግር ብዙዎቹ ይደነቃሉ፤ የሚያዝኑም አሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ለብቻው እገልጻለሁ።)

መጀመሪያ «የመጨረሻ ደረጃ» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድ የሰው ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ የውሻ ኩላሊት ያለው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማጣሪያዎቹ በዝምታ ነው የሚሞቱት። የሞቱትን ሥራ የቀሩት ደርበው ይሠራሉ፤ ባለቤቱም ምንም አይሰማውም። ክሪያቲኒን የምንለው የደም ምርመራ በውሻ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ከማጣሪያዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከጠፉ በኋላ ነው። በሰውም ቢሆን ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ውጤቱ «ደህና» ሊመስል ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች በሽታውን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፣ እኛ በአምስት። ስለዚህ «ትናንት ደህና ነበረች፣ ዛሬ የመጨረሻ ደረጃ ተባለች» ስትሉ ትናንትም ደህና አልነበረችም፤ ኩላሊት እስከ መጨረሻው ድምፅ አያሰማም።

አሁን ወደ ታሪኩ።

በ1902 ቪየና ውስጥ ኤመሪክ ኡልማን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአንድን ውሻ ኩላሊት ከሆዱ አውጥቶ በዚያው ውሻ አንገት ላይ ተከለው። የደም ሥሮቹን ያገናኘው በትንንሽ የማግኒዚየም ቀለበቶች ነበር። ውሻውን ወደ ከተማው የሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ አመጣው፤ ሐኪሞቹም ከአንገቱ ሽንት ሲንጠባጠብ በዓይናቸው አዩ። ኩላሊት ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ መሥራት እንደሚችል የታየው ያኔ ነው። ኡልማን ብዙ አልገፋበትም፤ ነገሩ የትም የሚደርስ አልመሰለውም።

የደም ሥር መስፋት በዚያ ዘመን ትልቅ ራስ ምታት ነበር። በ1894 የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። ከተቆረጠባቸው አንዱ ትልቅ የደም ሥር ነበር፤ ሐኪሞች ሊሰፉት አልቻሉም። በዚያው ከተማ የነበረው ወጣቱ ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ይህ ከነከነው፤ ሄዶ ከጥልፍ ሠራተኛ ዘንድ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋት ተማረ። አዎ፣ ከጥልፍ ሠራተኛ። ቀሚስ ከሚጠልፉ እጆች የተማረውን ይዞ የደም ሥር አሰፋፍ ዘዴ አወጣ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በውሾችና በድመቶች ላይ ኩላሊት መትከል ጀመረ። ያየው ነገር ግራ አጋባው፦ የውሻውን የራሱን ኩላሊት አውጥቶ መልሶ ቢተክለው ይሠራል፤ የሌላ ውሻ ኩላሊት ቢተክልለት ግን ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ኩላሊቱ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የዚህን ነገር ምክንያት ለመረዳት ግን ዓለም ገና ብዙ ዓመት ቀረው። ሰውነት የባዕድ አካልን አውቆ ይዋጋል፤ ይህን ዛሬ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ታካሚዎቻችን በየቀኑ በሚውጡት መድኃኒት ያውቁታል።

ስለ እጥበት ደግሞ ወደ 1913 ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጆን አቤል የተባለ የመድኃኒት ሳይንስ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ መሣሪያ ሠራ። ቀጫጭን ቱቦዎችን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ደርድሮ በጨው ውኃ ከበባቸው። የውሻው ደም ከደም ሥሩ ወጥቶ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ቆሻሻው በቱቦው ግድግዳ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል፤ የታጠበው ደም ወደ ውሻው ይመለሳል። ለመሣሪያው የሰጡት ስም «ሰው ሠራሽ ኩላሊት» ነበር። ዛሬ በየእጥበት ማዕከሉ የምታዩት ማሽን አሠራሩ ይኸው ነው፤ ቱቦውና ሞተሩ ብቻ ነው የዘመነው።

አንድ ትልቅ ችግር ነበር። ደም ከሰውነት ሲወጣ ይረጋል። ደሙ ቱቦ ውስጥ ከረጋ ሥራው ሁሉ አበቃ። እነ አቤል መፍትሔ ያገኙት ከአልቅት ነው። ከብት ያረባ ሰው አልቅትን ያውቃታል፤ ውኃ ሊጠጣ የወረደ በሬ አፍ ውስጥ ገብታ ደም ትመጣለች፣ ነቅላችሁ ብትጥሏትም ቁስሉ ደም ማፍሰሱን አያቆምም። ይህ የሚሆነው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላላት ነው። እነሱም የአልቅት ራስ እየፈጩ ይጠቀሙበት ነበር፤ አልቅቱም ከአውሮፓ በብዛት ይገዛ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አቅርቦቱ ተቋረጠ፣ ሥራውም ቆመ።

በ1916 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ደምን የሚያረጋ ነገር እየፈለገ ሳለ ተቃራኒውን አገኘ፦ ከውሻ ጉበት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ወጣ። ስሙንም በግሪክ ጉበት ከሚለው ቃል ወስደው «ሄፓሪን» አሉት። እጥበት የሚሄድ ሁሉ ሄፓሪንን ያውቀዋል፤ ነርሷ ማሽኑን ከመክፈቷ በፊት የምታዘጋጀው እሱን ነው። (ዛሬ ከውሻ አይሠራም፤ አትጨነቁ።)

ጀርመን ጊሰን ውስጥ ጌኦርግ ሐስ በውሾች ላይ ሲለማመድ ቆይቶ በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አጠበ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ። ታካሚው አልዳነም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ለማንም አይበቃም። ግን ሰው ይህን ሕክምና መቋቋም እንደሚችል ታየ።

ቀጣዩ ሰው የሆላንዱ ቪለም ኮልፍ ነው፤ የእሱን ታሪክ ስነግር ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ። ወጣት ሐኪም ሳለ አንድ የ22 ዓመት የገበሬ ልጅ ኩላሊቱ ደክሞ ቀስ በቀስ ሲሞት አልጋው አጠገብ ሆኖ አየ። «ከደሙ በየቀኑ ትንሽ ዩሪያ ብናወጣለት በኖረ» የሚለው ሐሳብ ከአእምሮው አልወጣም። ከዚያ የናዚ ጦር ሀገሩን ያዘ። ኮልፍ በካምፐን ከተማ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ፣ በጦርነት መሐል፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን የሴሎፎን ቱቦ እያገኘ በትልቅ ከበሮ ላይ ጠመጠመው። ከበሮውን የብረት ዕቃ ፋብሪካ ረዳው። ከበሮው በጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ደሙም በቱቦው ውስጥ ይሄዳል። በ1943 ሕክምናውን ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ታካሚዎች ሕይወቱ የተረፈው አንድ ቢሆን ነው፤ እሱም በእጥበቱ ይሁን በራሱ ጊዜ አከራካሪ ነበር። በ1945 አሥራ ሰባተኛዋ፣ የ67 ዓመት ሴት፣ ራሷን ስታ መጥታ ነቃች፤ ኩላሊቷም ተመልሶ መሥራት ጀመረ፤ ከዚያም ዓመታት ኖረች። ሴትዮዋ በወረራው ዘመን ከጀርመኖች ጋር ተባብረሻል ተብላ የታሰረች ነበረች፤ የከተማው ሰውም ይጠላት ነበር። ኮልፍ ግን አከማት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማሽኑ ይልቅ ይህ ነው እኔን የሚነካኝ።

እስካሁን ያልኳችሁ እጥበት ሁሉ ኩላሊቱ ለጊዜው ለታመመና ሊያገግም ለሚችል ሰው ብቻ ነበር። የመጨረሻ ደረጃ ለደረሰ ሰው አልሆነም፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ እጥበት አዲስ የደም ሥር መቁረጥ ስለሚያስፈልግ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚቆረጥ ሥር ያልቃል። በ1960 ሲያትል ውስጥ ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ ተተክሎ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ አስገባ። የመጀመሪያው ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ይባላል፤ ከዚያ በፊት ሳምንታት ብቻ የቀረው ሰው 11 ዓመት ኖረ። በ1966 ደግሞ የኒውዮርክ ሐኪሞች ደም ቅዳንና ደም መልስን በክንድ ላይ አገናኝተው ፊስቱላ ሠሩ። ዛሬ ታካሚዎቻችን በእጃቸው ላይ «የሚንቀጠቀጠው» የሚሉት እሱ ነው። (በዚያ እጅ ደም ግፊት አይለካም፣ መርፌ አይወጋም፣ ከባድ ዕቃም አይሸከምም፤ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ።)

ሕክምናው ሲገኝ ሌላ ችግር መጣ። ማሽኑ ጥቂት፣ ታካሚው ብዙ። ሲያትል ውስጥ ማን እንደሚታጠብና ማን እንደማይታጠብ የሚወስን ሰባት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የቤት እመቤት፣ የባንክ ሰው፣ የሠራተኞች መሪ፣ የመንግሥት ሹም እና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ስማቸው አይገለጽም ነበር። ልጆች አሉት ወይ? ሥራ አለው ወይ? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ? እያሉ ይመዝኑ ነበር። በ1962 አንድ መጽሔት ይህን ሲያወጣ አሜሪካ ተንጫጫች። በ1972 ወጪውን መንግሥት የሚሸፍንበት ሕግ ወጣ፤ ኮሚቴውም አላስፈለገም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ኖሮ አያውቅም፤ ውሳኔውን ኪስ ነው የሚሰጠው። በአዲስ አበባ ለሥር ሰደድ የኩላሊት ሕመምተኞች ቋሚ እጥበት የተጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በግል ሆስፒታል ነው፤ ኋላ ላይ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ዳግማዊ ምኒልክና ዘውዲቱን ጨምሮ፣ አገልግሎቱን ጀመሩ። የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅትም ብዙ ሰው ይዟል። ያም ሆኖ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ያለበት ሰው በገንዘብ ምክንያት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲታጠብ አያለሁ። ከቦሌ እስከ ገርጂ በድምፅ ማጉያ ፎቶ ለጥፎ የሚዞረውን መኪና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «የወገን ያለህ፣ ኩላሊቱን እናሳክመው» የሚለውን። ለአሜሪካኖች የ1962 ታሪክ ነው፤ ለእኛ የዛሬ ጠዋት ነው። ታዲያ ያቺ እናት «ለውሻዬ እጥበት» ስትል የሳቀባት ሰው እንዳለ ነግራኛለች። እኔ አልሳቅሁባትም። እጥበት የተጀመረው በውሻ አይደል?

ንቅለ ተከላውን ቶሎ ልለፈው። ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ ቀዶ ሕክምናውን በውሾች ላይ ደጋግሞ ከተለማመደ በኋላ በታኅሣሥ 1954 ከአንድ መንታ ወንድም ለሌላው ኩላሊት ተከለ። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም፤ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ኖረ። መንታ ለሌለው ሰውስ? እንግሊዛዊው ሮይ ካልን በ1960 አካባቢ በውሾች ላይ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያለዝቡ መድኃኒቶችን ሞከረ። ከውሾቹ አንዷ ሎሊፖፕ ትባል ነበር። የሌላ ውሻ ኩላሊት ይዛ ሐኪሞች ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ እየዘለለች ገባች፤ አዳራሹ ያኔ አመነ። አዛታዮፕሪን ከዚያ የመጣ መድኃኒት ነው። መሪም በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

በሀገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተካሄደው በመስከረም 2008 ዓ.ም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ የአሜሪካው ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር ሆነው። ሁለቱን ተቋማት በማገናኘት ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከቪየናው ውሻ እስከ ጉለሌ ከመቶ ዓመት በላይ ሄዷል።

የሚገርመው፣ በእንስሳት ሕክምና ውስጥ ኩላሊት ተተክሎላቸው ደህና የሚኖሩት ድመቶች ናቸው። ውሾች የባዕድ ኩላሊትን እጅግ አጥብቀው ይዋጋሉ፤ ለውሻ ንቅለ ተከላ ዛሬም ብዙ አልሠመረም። ሁሉንም ነገር ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ ለራሳቸው ግን አልሆነላቸውም። ይህን ሳስብ ደስ አይለኝም። ከመድኃኒቱ ተጠቃሚ ስለሆንን ብቻ የእነዚያን ውሾች ስቃይ አልነበረም ማለት አንችልም።

አሁን ብዙዎቻችሁን በቀጥታ ወደሚመለከተው እንምጣ። በ1934 ክሊቭላንድ ውስጥ ሐሪ ጎልድብላት ጤነኛ ውሾችን ወስዶ ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደውን ሥር በትንሽ የብር ቆንጣጭ አጠበበው። የውሾቹ ደም ግፊት ወጣ፤ እዚያው ላይም ቆየ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪም «ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል ወይስ ኩላሊት ግፊትን ያመጣል?» እያለ ይከራከር ነበር። ጎልድብላት ኩላሊት ራሱ ግፊት ሊያስነሳ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ ሁለቱም እውነት እንደሆነ እናውቃለን፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ደም ያነሰው የመሰለው ኩላሊት ግፊት የሚጨምር ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ያንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ተሠራ። ከእነዚህ አንዱ ኢናላፕሪል ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት አለ። በሽንቷ ፕሮቲን ለምታፈስ ውሻም የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከውሻ የመጣው እውቀት ተመልሶ ወደ ውሻ ሄዷል።

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ልበል። «ኢናላፕሪል ኩላሊት ይጎዳል» ብለው ራሳቸው ያቆሙ ታካሚዎች አሉኝ። ፕሮቲን ለሚያፈስ ኩላሊት ይህ መድኃኒት ጠባቂ ነው። እርግጥ ነው፣ ሲጀመር ክሪያቲኒንና ፖታሲየም መታየት አለባቸው፤ ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ ደረቅ ሳል ካመጣ በሌላ ይቀየራል። ይህን የምትነጋገሩት ግን ከሐኪማችሁ ጋር ነው። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ መተው መፍትሔ አይሆንም።

ስኳርም እንዲሁ ነው። በ1889 ሽትራስቡርግ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ቆሽቱ የወጣለት ውሻ ሽንቱ ስኳር እንደሚሞላ አዩ፤ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ከውሻ ቆሽት ያወጡት ንጥረ ነገር ስኳር ያለበትን ውሻ አቆየ። በቀጣዩ ጥር የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ስኳርና ግፊት ዛሬ ሰውን ወደ እጥበት ከሚያደርሱት ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ሁለቱንም የምናክመው ከውሻ በተማርነው ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ የቀረው የእናንተ ነው። ውሻ የሙከራ መምህር ብቻ አልነበረም፤ አንዳንዴ ከእኛ ቀድሞ ታሞ ያስጠነቅቃል። በመጋቢት 2007 በሰሜን አሜሪካ የታሸገ ምግብ የሚበሉ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው በድንገት መድከም ጀመረ። ብዙ ሺህ ባለቤቶች አመለከቱ። ምክንያቱ ሲጣራ ከቻይና የመጣ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን ተገኘ፤ ሜላሚን የፕላስቲክ ሳሕን የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ለምን ጨመሩት? ምግብ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጂን መጠን ስለሆነ፣ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጂን የበዛበት ስለሆነ፣ ርካሹን ምግብ ፕሮቲን የሞላበት ያስመስለዋል። ምግቡ ከገበያ ተሰበሰበ፤ «የእንስሳት ነገር ነው» ተብሎም ታለፈ። በቀጣዩ ዓመት 2008 እዚያው ቻይና ውስጥ ይኸው ሜላሚን በሕፃናት ዱቄት ወተት ውስጥ ተገኘ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ፣ ስድስት ሞቱ። ውሾቹ ከታመሙ አንድ ዓመት ተኩል አልፎ ነበር።

ሌላም አለ። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት ብዙውን ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል አለበት። ይጣፍጣል፤ ጋራዥ አካባቢ መሬት ላይ የፈሰሰውን የላሰ ውሻ በቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ይቆማል። የዚህ ኬሚካል የቅርብ ዘመድ የሆነው ዳይኤትሊን ግላይኮል በ1937 በአሜሪካ ለልጆችም በተሰጠ ፈሳሽ መድኃኒት ውስጥ ማሟሚያ ሆኖ ገባ። አምራቹ ቀድሞ በማንም ላይ አልሞከረውም፤ በውሻም እንኳ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሞቱት መካከል ልጆችም ነበሩ። በ1938 መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይረጋገጥ የሚለው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፦ በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በሳል ሽሮፕ ምክንያት 70 ያህል ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞቱ፤ በኢንዶኔዥያ የሞቱት ከዚያ ይበልጣሉ። በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኙት እነዚሁ ሁለት ኬሚካሎች ናቸው።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ አድርጉ። ኩላንት ልጅም ውሻም በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የፈሰሰውም ወዲያው ይታጠብ። ለውሻ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም አትስጡ፤ ለእኛ ወገብ የሚሆነው ክኒን የእሷን ኩላሊት ይገድላል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም እነዚህ ክኒኖች አይሆኑም። ወይንና ዘቢብም ለውሻ ኩላሊት መርዝ ነው፤ ልጆች ከብስኩታቸው እያካፈሏት ከሆነ ዘቢብ የሌለበት ይሁን። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለች ውሻ ንጹሕ ውኃ አይለያት፤ ምግቧንና ማስታገሻዋን ሐኪሟ ይወስናል፤ ስቃይዋ ከበረታ መቼ ማሳረፍ እንደሚገባም ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ካለ በዓመት አንድ ጊዜ የሽንት ፕሮቲንና የክሪያቲኒን ምርመራ ያድርግ። በ1827 ለንደን ውስጥ ሪቻርድ ብራይት ሽንትን በማንኪያ ይዞ በሻማ ላይ ያሞቀው ነበር፤ ሲረጋ ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ባለ ቀለም ስትሪፕ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ለልጅ ሽሮፕ ስትገዙ ከታወቀ ፋርማሲ ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያው መኖሩን እዩ። ከሀገር ውጭ በሻንጣ የመጣ ስሙ የማይነበብ ሽሮፕ አትስጡ። ልጃችሁ ሽሮፕ ከወሰደ በኋላ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ካቆመ፣ ካስመለሰው፣ ከደነገዘ፣ ነገ እናየዋለን አትበሉ። በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ጠርሙሱንም አትጣሉት፣ ይዛችሁት ኑ።